ውጅግራ የያዘ ሰው ጥይት ከማን ይበደራል?

«ጥይቱ ገበያ ላይ የማይገኝ ጠመንጃ ምኑ ጠመንጃ ነው? ዱላ በለው!» አልኩት። ሳላስበው ድምፄ ከፍ ብሏል።

«ዱላስ ቢሆን፣ አገሩ ሁሉ እስከዛሬ የሚያወራው የእርስዎን ዱላ አይደል እንዴ?» አለኝ ይበልጣል። ውጅግራዋን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በጋቢው ጫፍ ይወለውላታል። «አያ አላምረው፣ ክላሽማ ማንም ይይዛል። ይቺን ግን ይዩዋት እስኪ! እንደሷ ያለ በዚህ ሁሉ ቀበሌ ማን ትከሻ ላይ አለ?»

ይበልጣል የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ባለፈው ዓመት አግብቶ የራሱን ማሳ ማረስ የጀመረ። ጠመንጃዋን ማንኩሳ አጠገብ ካሉ አንድ ሽማግሌ ገዝቶ ማምጣቱ ነው። በማግስቱ ጠዋት በቆሎውን የሚያወድምበትን ከርከሮ ሊገድል ወደ ፈጣም ወንዝ ሊወርድ ቆርጧል። እኔ ጋ የመጣው ድሮ ውጅግራ ስለነበረኝ እንድመርቀው ነው። ጥይቶቹን መዳፉ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ቀለሃቸው አሮጌ፣ እርሳሳቸው አዲስ። ፋብሪካ ያወጣቸው ሳይሆኑ እንደገና በቤት የተሞሉ ናቸው።

«ማን ሞላልህ?»

«አንድ ብረት ቀጥቃጭ። እጁ የተባረከ ነው ይላሉ።»

«የእኔንም የሞላው እጁ የተባረከ ነበር። አረፍ በልና ስማኝ» አልኩት። ሳይወድ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። እኔም ነገርኩት።

ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ግን ክረምቱ ወጣሁ እያለ ተመልሶ የሚገባበት ዓመት። በቆሎው ጺሙን አጥቁሮ፣ ቅጠሉ ከላይ ደርቆ ከሥር ረጥቦ ቆሟል። ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳ የዘራው ጓደኛዬ ደሳለኝ ነው፤ ሌላ መሬት የለውም፣ ልጆቹ ዓመቱን የሚበሉት ከዚያው ነው። አንድ ብቻውን የሚሄድ አውራ ከርከሮ ግማሹን አጋድሞታል። ከሚበላው የሚረግጠው ይብሳል። ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይሸጥ፤ ይህ ለወግ የሚደረግ አደን አይደለም። ወይ እሱ ወይ በቆሎው ነው።

ሦስት ሆነን ወረድን። ደሳለኝ ክላሹን ይዟል፣ ወገቡ ላይ ጥይት የሞላ ዝናር ታጥቋል። አያ መኰነን የሚባሉ ሽማግሌ ጦራቸውንና ሁለት ውሾቻቸውን ይዘዋል። እኔ ውጅግራዬን። የውጅግራ ጥይት አውራ ጣት ያክላል። አንድ ትጎርሳለች፣ አንድ ትተፋለች፣ ከዚያ እንደገና ማጉረስ ነው። ስትተኩስ ትከሻህን ታስለቅስሃለች፤ ጭሷ ፊትህን ይጋርደዋል። የመታችው ነገር ግን አይንፈራገጥም። የክላሽ ጥይት ቀጭንና ፈጣን ነው፣ በስቶ ያልፋል፤ የእሷ እርሳስ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ደግሞ ማንም የሌለው ነገር ሲኖርህ ደስ ይላል። ጠላ ቤት ጥይቷን ከኪሴ ሳወጣ ሰው ሁሉ «እስኪ አምጣት» እያለ በእጁ ይመዝናታል፤ የክላሽ ጥይትማ ማን ይመዝናል?

ችግሩ ጥይቱ ነበር። ፍኖተ ሰላም ብትጠይቅ ይስቁብሃል፤ ቡሬ ብትጠይቅ «አያትህን ጠይቅ» ይሉሃል። በኪሴ የነበሩት ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም በቤት የተሞሉ። ደሳለኝ ይህንን ያውቃል፤ ቁልቁለቱን ስንወርድ በጣቱ ዝናሩን እየመታ አዜመብኝ፦

«ውጅግራ ያነገተ አይቸኩል ወዳደን፣
ጥይት ለምኖ ሲመጣ ይመሽበታል ቀን።»

«አንተ ወፍ አባር፣ ከርከሮውን ለእኔ ተውልኝ» አልኩት።

«ኧረ ከርከሮው ያቺን ሲያይ በሳቅ ነው የሚሞተው» አለ። አያ መኰነን ሳይቀሩ ሳቁ።

ጠዋቱን ሲያካፋ ነበር። ዱካውን ያገኘነው ማሳው ጠርዝ ላይ ነው፤ ኮቴው ጭቃው ውስጥ ጠልቆ ውኃ ቋጥሯል፣ ውኃውም ገና አልጠራም። አያ መኰነን ጎንበስ ብለው አዩና «አሁን ነው ያለፈው። ሰውዬው ገና ቁርሱን አልጨረሰም» አሉ። ዱካው ወንዙ ዳር ወዳለው ሸምበቆ ይወስዳል። ነፋሱ ከወንዙ ወደኛ ይነፍስ ስለነበር ሽታው ደረሰን፤ የቆየ ጭቃና የኮመጠጠ ነገር ይሸታል።

ውሾቹ ሸምበቆው ዳር ደርሰው ጠጉራቸው ቆመ። አንደኛው ዘሎ ገባ። የሰማነው አንድ ጩኸት ብቻ ነው። ከዚያ ሆዱ ተዘርግፎ አንጀቱን በጭቃው ላይ እየጎተተ ወጣና አያ መኰነን እግር ሥር ተኛ። ሌላው ውሻ ጅራቱን ሸጉጦ ወደ ማሳው ሮጠ። ከርከሮው ተከትሎ ብቅ አለ። ጥጃ ያክላል። ጭቃ ተለስኖበት ደርቋል፤ ክራንቻዎቹ ከአፉ ወጥተው ወደ ላይ ተቆልምመዋል፤ በአንደኛው ላይ የውሻው ጠጉር ተጣብቋል።

ደሳለኝ ቀደመኝ። ተኮሰ፣ ደገመ። ከርከሮው ጎኑን ወደኛ አዙሮ ተንገዳገደና ተመልሶ ሸምበቆው ውስጥ ገባ።

«መታሁት!»

«መትተኸዋል። አሁን ቁጭ በል» አሉ አያ መኰነን። «የቆሰለ ከርከሮ አይከተሉትም። ደሙ ይጨርሰዋል።»

«ማሳዬን በልቶ ተኝቶ ሊሞት? እናቱ አልጋ አንጥፋለታለች?» አለና ገባ። ብቻውን ልንተወው አንችልም፤ ተከተልን።

ሸምበቆው ከቁመታችን በላይ ነው። ከእጅ ርዝመት ወዲያ አይታይም። ቅጠሉ ላይ ያለው ደም አረፋ ነበረው፤ ሳንባውን መትቶታል ማለት ነው። ደስ አለኝ። ሳንባው የተመታ ሩቅ አይሄድም ብዬ። እውነትም ሩቅ አልሄደም። ዞሮ ከጎናችን እየጠበቀን ነበር።

ሸምበቆው ሲሰበር ሰማሁ፤ ከዚያ ደሳለኝ ላይ ሲመጣ አየሁት። ደሳለኝ ክላሹን ለቀቀበት። ጥይቱ ትከሻው ላይ ሲያርፍ የደረቀው ጭቃ ሲፈናጠር ይታየኛል፤ ደረቱም ላይ፣ አንገቱም ላይ። ከርከሮው ግን አልቆመም። ከሥር ገባና አነሳው። ክራንቻው ከጉልበቱ በላይ ገብቶ እስከ ብሽሽቱ ቀደደው። ክላሹ ከእጁ ወደቀ፤ ደሳለኝ በላዩ ላይ ወደቀበት።

ከዚህ እስከዚያ በር በምትሆን ርቀት ላይ ነኝ። አነጣጠርኩ፤ ሳብኩ።

ጠቅ።

ሌላ ምንም የለም። ጥይቷ እርጥበት ገብቶባታል። ጠመንጃዋን ከፈትኩ፤ ቀለሃው አልወጣም። ደጋግመው የሞሉት ቀለሃ ያብጣል፣ እንደ ጥርስ ነክሶ ይቀራል። ቢላዋዬን አውጥቼ በጫፉ እፈለቅቅ ጀመር። እኔ እየፈለቀቅኩ ከርከሮው ደገመው። ሠለሰው። ደሳለኝ በሁለት እጁ የከርከሮውን ጆሮ ይዞ ጭንቅላቱን ሊገፋ ይሞክራል፤ ይጮህ ነበር፣ ከዚያ መጮህ ተወ። አያ መኰነን ጦራቸውን የአውሬው ጎን ላይ ሰክተው ተደገፉበት፤ ዘንጉ እጃቸው ላይ ተሰበረ።

«ተኩስ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ፣ የማርያም ልጅ!» እያሉ ይጮሁብኛል።

እግሬ ሥር አየሁ። የደሳለኝ ዝናር ተበጥሶ ጥይቶቹ ጭቃው ላይ ተበትነዋል። ብዙ ናቸው፤ አዲስ፣ ደረቅ፣ የሚያበሩ። ብታምንም ባታምንም ጎንበስ ብዬ አንዷን አነሳሁ። በውጅግራዬ አፈሙዝ ብጨምራት እንደ በቆሎ ፍሬ ተንሸራታ የምትወርድ ጥይት! ያን ሁሉ ጥይት ረግጬ ቆሜ፣ ጥይት አልነበረኝም።

ቀለሃው በመጨረሻ ወጣ። ሌላ አጎረስኩ፤ ሮጬ አፈሙዙን ከርከሮው ጆሮ ሥር ለጥፌ ሳብኩ። ተኮሰች። ጭሱ ሲገለጥ ከርከሮው ደሳለኝ ላይ ተዘርሮ ነበር። እግሩን እንኳ አላንቀሳቀሰም።

ከርከሮውን አንከባልለን አነሳንለት። ጭኑ ውስጥ አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል። በአያ መኰነን ነጠላ አሰርነው፤ ነጠላው ወዲያው ቀላ። ፊቱ የአመድ መልክ ይዟል፣ ግን ያውቀኛል።

«አላምረው፣ ጥይት አልነበረህም እንዴ?» አለኝ።

«ነበረኝ» አልኩት።

አንገቱን አዘንብሎ ጭቃው ላይ የተበተኑትን አየ። «ይሄን ሁሉ ይዘን?» አለ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልተናገረም። ተኩሱን ሰምተው ከመጡ ሰዎች ጋር በቃሬዛ ዳገቱን አወጣነው። ወደ ቡሬ የሚወስደው አስፋልት ሲታየን ክንዱ ከቃሬዛው ወደቀና ተወዛወዘ። አያ መኰነን «አውርዱት» አሉ።

«ለዚህ ነው የምነግርህ» አልኩት ይበልጣልን። «ከዚያ በኋላ ያቺን ጠመንጃ ይዤ ሚስቱ ደጅ ማለፍ አቃተኝ፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ሰው ሰጠኋት። የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የጠመንጃ ጉልበቱ አጠገብህ ያለው ሰው ዝናር ውስጥ ነው። ጓደኛህ ጥይት ሊያቀብልህ ካልቻለ ብቻህን ነው የወጣኸው፣ መቶ ሆናችሁ ብትወጡም። ያቺ ‹ጠቅ› ያለችው ድምፅ ደግሞ እስከዛሬ አልለቀቀችኝም። ቅዳሴ መሐል እንኳ ትመጣብኛለች። ክላሼ ያውልህ፤ ጥይቱም ደህና ነው። ለነገ ውሰደው።»

«የሰው ጠመንጃ ተውሼ ሚስቴ እያየችኝ ልውረድ?» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ጋቢው ላይ ደረደራቸው። ገብቶታል ብዬ ማመስገን ጀመርኩ።

«አያ አላምረው» አለ በመጨረሻ፤ «ክላሹ ስንቴ መታው አሉኝ?»

«ቆዳው ወንፊት ሆኖ ነበር።»

«የእርስዎስ ውጅግራ?»

ውሸት አፌ ላይ መጣ። ሳተችው፣ የገደለው የአያ መኰነን ጦር ነው ብል ማን ይመሰክርብኛል? አያ መኰነንም ከሞቱ ቆይተዋል። ለዚህ ልጅ ሕይወት አንድ ውሸት ምን አላት? ይህን ሁሉ እያሰብኩ ነው አፌ የተከፈተው።

«አንድ ጊዜ» አልኩት።

ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት። እኔም ሰማሁት፤ እሱም ሰማው። ፊቱ በራ።

«አንድ ጊዜ!» አለ። ጥይቶቹን ለቅሞ ኪሱ ከተተና ብድግ አለ። «በሉ ይመርቁኝ።»

«አልመርቅህም።»

«ግድ የለም፣ በኋላ ይመርቁኛል» አለ እየሳቀ፤ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ስሞ ውጅግራዋን አነገተ። ረጅም ናት፤ አፈሙዟ የበሩን ጉበን እንዳይመታ በእጁ ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሙሽራ አቅፎ አሳለፋት። ስሙን ጠራሁት። በሩን ከኋላው ዘጋው።