በየዓመቱ እኩል የሚመጣ ትርፍ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሐያት ምሳ ልትበላ ቶሮንቶ ስካርቦሮ ወዳለው ቤቴ መጣች። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። የአንዲት ትንሽ ኢንቨስትመንት ኩባንያ አክሲዮን ልትገዛ ነው።

«ማም፣ ዲቪደንዱን እዪው። በየዓመቱ ሴም ነው። አንዴም ቀንሶ አያውቅም።»

ሌላ እናት ደስ ይላት ይሆናል። እኔን ግን ፍርሃት ያዘኝ። ያ ፍርሃት አዲስ አልነበረም።

ቶሮንቶ የመጣሁት ባለቤቴ ጀማል ስፖንሰር አድርጎኝ ነው፤ ገና ወጣት ነበርኩ። ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ትንሽ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ኢቶቢኮ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። እናቴ ደሴ ነበረች። ደረቷን ያማታል፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ከዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሐጅ ማድረግ።

ለሐጅዋ ያስቀመጥነውን ይዘን ጋሽ ሰይድ ካቋቋሙት ኩባንያ አክሲዮን ገዛን። ጋሽ ሰይድ ከሁላችንም ቀድመው እዚህ የመጡ፣ ሰው ሲቸገር መጀመሪያ የሚደወልላቸው ሰው ነበሩ። ኩባንያው የጭነት መኪና እየገዛ ያከራያል። ሐያት ዲቪደንድ የምትለው የትርፍ ድርሻ አከፋፈሉ ደግሞ ለማንም የሚገባ ነበር፤ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ለእያንዳንዱ አክሲዮን አንድ ዓይነት ድርሻ፣ በየዓመቱ ያው። ሰው ለጾሙ ወደ አገር ቤት ስለሚልክ ነው ጊዜው እንዲያ የተመረጠው። በዚያ ሰሞን የሕንፃችን ኮሪደር የተጠበሰ ሳምቡሳ ይሸት ነበር።

አንድ ዓመት ብርዱ በጣም ከረረ። ወደ ሥራ የሚወስደኝ አውቶቡስ የኩባንያችን መኪኖች በሚቆሙበት ግቢ በኩል ያልፋል። በመስኮቱ ሳይ በረዶው የሞተራቸው ክዳን ላይ ተቆልሏል። በማግስቱም ያው። ሳምንት አልፎ ሌላ ሳምንት መጣ፤ በረዶው ላይ የጎማ ዱካ የለም።

«መኪኖቹ እኮ ቆመዋል» አልኩት ጀማልን።

«ብርዱ ሲያልፍ ይሠራሉ።»

«ታዲያ የዘንድሮው ድርሻ?»

«ይከፈላል ተብሏል፣ እንደ አምናው። አንቺ ደግሞ! ጥሩ ወሬ ሲነገርሽ እንኳ ታዝኛለሽ። አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ።»

ማለት አቃተኝ።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቆዳ ነጋዴ ነበር። ገበያ የቀናው ዓመት ቤታችን ሥጋ ይበላል። ያልቀናው ዓመት ሽሮ ነው፣ ሽሮውም ይቀጥናል። እኛ ልጆቹ የዓመቱን ንግድ ከሳህናችን ላይ እናውቀው ነበር። መኪናው ሠራም ቆመም የማይነቃነቅ ትርፍ ለእኔ ትርፍ አልመስል አለኝ። ወይ ወለድ ነው፣ ወይ የራሳችን ገንዘብ እየተቆነጠረ ይመለስልናል። በየትኛውም ቢሆን እናቴን በእሱ ወደ አላህ ቤት መላክ አስፈራኝ።

መጠየቅ ደግሞ ከዚያ የባሰ ያስፈራ ነበር። የዚያ ዓመት ድርሻ ካጠራቀምነው ላይ ሲጨመር የእናቴ ወጪ ይሞላል። ከጠየቅሁና ክፍያው ከቀረ፣ እናቴም ትቀራለች። ደረቷ ሌላ ዓመት ይጠብቅ አይጠብቅ ማን ያውቃል? እንቅልፍ ራቀኝ። ሱጁድ ላይ ሆኜ የምለው ይጠፋኝ ነበር።

የባለአክሲዮኖች ስብሰባ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ተደረገ። ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጥን። ተምርና ሻይ ዞረ። የእኔ ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ጋሽ ሰይድ የዘንድሮው ድርሻ እንደ ወትሮው እንደሚከፈል ሲናገሩ ሰው አጨበጨበ። እጄን አነሳሁ። ስነሳ ከፊት የተቀመጡት ወንዶች ዞረው አዩኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድርሻው ከየት ነው የሚመጣው?»

ከድር የሚባል ባለታክሲ ሳቀ። «እህቴ፣ ወተቱን ጠጪ እንጂ ላሚቱ የት ዋለች ትያለሽ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጀማል አንገቱን ደፋ።

«ላሚቱማ በረዶ ውስጥ ቆማለች። በየቀኑ አያታለሁ» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ሰይድ ቆባቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ ከራሳችሁ ነው» አሉ። «ካዋጣችሁት ላይ። አምናም ግማሹ እንደዚያው ነበር። ሥራው ቀንሷል። ለጾም የሚጠብቅ ቤተሰብ አላችሁ፣ ዘንድሮ የለም ማለት ከበደኝ። ያልፋል እያልኩ ነበር።»

አንዳንዱ ጮኸ። አንዱ ወንበር ገፍቶ ወጣ። ከድር ግን ቀስ ብሎ ተነስቶ ለጋሽ ሰይድ ውሃ ቀዳላቸው። በመጨረሻ ተስማማን፤ ከእንግዲህ ድርሻ የሚከፈለው ትርፍ ሲኖር ብቻ፣ በትርፉ ልክ ነው። ከሌለ የለም።

ቤት ስንደርስ ጀማል ወደ አገር ቤት የምንደውልበትን የስልክ ካርድ ፍቆ ቁጥሩን አነበበልኝ።

«እማዬ፣ ሐጁ ዘንድሮ አይሆንም» አልኳት።

መስመሩ ይንሿሿል። የተቋረጠ መሰለኝ።

«እኔ ቸኮልኩ ብዬሻለሁ?» አለች። «አላህ ሲጠራኝ እሄዳለሁ። ብርዱ እንዴት ነው? ወፍራም ካልሲ አለሽ?»

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ምንም ድርሻ አልተከፈለም። ደሴ የሚኖር ዘመድ ሲደውል ሰላምታውን እንኳ መመለስ ያቅተኝና «እናቴ ደህና ናት?» እላለሁ። ዱዓዬ አንድ ነበር፤ አቆይልኝ።

አቆየልኝ። መኪኖቹ ወደ ሥራ ተመለሱ፣ ትንሽ ትርፍ መጣ፣ እኛም ከደሞዛችን ሞላንበት። እናቴ ሄደች። ከመካ ስትደውል ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን ትስቅ ነበር።

«ለማን ለማን ዱዓ ላድርግልሽ?» አለችኝ።

ለጋሽ ሰይድ አልኳት። ያን ቀን ሊዋሹን ይችሉ ነበር፤ ቢዋሹንም እናምናቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ለሐያት ነገርኳት። ሾርባዋን ትታ ሰማችኝ።

«ባትጠይቂ ኖሮ ግን አያቴ በዚያው ዓመት ትሄድ ነበር፣ አይደል?»

«ትሄድ ነበር።»

ያልነገርኳት አንድ ነገር ግን አለ። ያን ቀን ወንበሬ ላይ ሳለሁ ዝም ለማለት ወስኜ ነበር። ጭብጨባው ትንሽ ቢረዝም ኖሮ አልነሳም ነበር። እናቴ ትርፍ ባልሆነ ገንዘብ ካዕባን ትዞር ነበር፣ እኔም እዚህ ሆኜ ደስ ይለኝ ነበር። ማን እንዳስነሳኝ አውቃለሁ፤ ለአላህ ምስጋና ይግባው። ግን ስንት ጊዜ መጠየቅ ሲገባኝ ሳልነሳ ቀርቼ ይሆን? ዛሬም የሚያስፈራኝ ይህ ነው።