የአባቴ ሹመት

ባለፈው ነሐሴ በውጭ አገር በምኖርባት በፒከሪንግተን ከተማ ቤቴ ሆኜ፣ የካቡል ሹማምንት ሲሸሹ በቲቪ አየሁ። አባቴ ትዝ አለኝ።

ግንቦት ሰማንያ ሦስት፣ አስር ዓመቴ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ከአገር ሲወጡ የቀሩት ሹማምንት አዲስ መንግሥት አቋቋሙ። አስራ አምስት ዓመት ጸሐፊ ሆኖ የኖረውን አባቴን የመምሪያ ኃላፊ አደረጉት። ናፍታሊን የሚሸተውን የሠርግ ኮቱን ሲለብስ፣ አያቴ በሩ ላይ ቆመው፣ «ሰው ሁሉ ሲወርድ አንተ ልትወጣ ነው?» አሉት።

«መንግሥት ሲጠራ እምቢ አይባልም፣ አባባ።»

ያ መንግሥት በሳምንቱ ወደቀ። አባቴ ለዚያች ሹመት አምስት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ፣ «ቢሮህ ያምር ነበር?» አልኩት።

«አልገባሁበትም። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ሸሽቶ ነበር።»

አጠገቤ ተቀምጣ የሚሸሹትን ሹማምንት በቲቪ የምታየው ልጄ በእንግሊዝኛ፣ «ዳድ፣ አያቴ ሥራው ምን ነበር?» አለችኝ።

ጸሐፊ ልበላት ወይስ የመምሪያ ኃላፊ?