የሸዋረጋ ቀይ መጨበጫ

ሸዋረጋ ቁመቷ አጭር ባይሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣባት ነበር። በ1990 ዓ.ም. ዓረብ አገር፣ ዱሃይል በሚባል ሰፈር፣ እሷ በሠራተኝነት በምትኖርበት የቪላዎች ግቢ፣ ልጆች ለስፖርት እየተንጠለጠሉ የሚወጡበት ግድግዳ ይሠራ ነበር። አሠልጣኙ ሚስተር ኮሊን ረጅም ስለሆነ የልጅ እጅ የት እንደሚደርስ አያውቅም፤ እሷን ከአሠሪዋ ከማዳም ተዋሳት።

የደብረ ሲና ልጅ ናትና ገደል አያስፈራትም። የሚያስፈራት ማዳም ነበረች፤ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ የምታሳድሰው እሷ ናት።

ዓርብ ዓርብ እየተንጠለጠለች «የእጅ መጨበጫው እዚህ ይሁን፣ እዚያ ይሁን» እያለች የልጆቹን መንገድ ያወጣችው ሸዋረጋ ናት። ብሎን የሚያስረው ግን እሱ ነው፤ መፍቻ አያስነካትም። የምረቃው ዋዜማ፣ እሱ በሌለበት፣ ጫፉ ላይ አንዲት ቀይ መጨበጫ ጨመረች። «ይቺ እንኳ የኔ ትሁን» ብላ ነው። ብሎኑን ሳትጨርስ ማዳም በመስኮት «ያላ፣ ቶሎ ነይ፣ ሸዋ!» ብላ ጮኸች። መፍቻውን ጥላ ሮጠች፤ ብሎኑን በዚያው ረሳችው።

በማግስቱ ሚስተር ኮሊን እንግዶች ፊት ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

«መንገዱን ያሰብኩት እኔ፣ እያንዳንዱን ብሎን ያጠበቅሁትም በገዛ እጄ ነው። ገመድ እንኳ አያስፈልግም።»

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፤ እሱን ግን አድምቆት ዋለ። ሸዋረጋ ጭማቂ እያዞረች በሆዷ አማችው።

ከዚያ የማዳም ልጅ ፈህድ መውጣት ጀመረ። ቀና ስትል ቀይዋን አየችና ትዝ አላት። ከስር ሲሚንቶ ነው፤ የተነጠፈው ፍራሽ ስስ ነው። ብትናገር ትባረራለች፤ ዝም ብትል ደግሞ የሚወድቀው በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ፈህድ እየሳቀ እጁን ወደ ቀይዋ ሰደደ።

«ፈህድ፣ አትንካት!» ትሪው ከእጇ ወደቀ። «እኔ ነኝ ያሰርኳት፤ አልጠበቀችም!»

ልጁ ደንግጦ በመጣበት ወረደ። ሚስተር ኮሊን ወጥቶ ቀይዋን ነካ ቢያደርጋት ተሽከርክራ እጁ ላይ ቀረች። ሸዋረጋ ፈጣሪዋን አመስግና ሳትጨርስ፣ እሱ ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ ፈገግ አለ።

«ራሴ የምፈትሸው ለዚህ ነው። መንገዱ የኔ ነው፤ ይቺን ያስገባችው ግን ሠራተኛዋ ናት፣ ሸዋረጋ» አለ። እስከዚያ ቀን በስሟ ጠርቷት አያውቅም ነበር።

ማዳም ልጇን አቅፋ፣ እሷን ሳታያት፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አለቻት።