ከቡናው ጋር የተሰጣው ሰሌዳ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ፒንሳ ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ጋሽ ሸምሱ የሰጡኝ መጥረጊያ ነው።

“ጋሼ፣ እኔ የመጣሁት ለመብራት ሥራ ነው” አልኳቸው።

“አቧራ የለበሰ አምፖል ያበራል?”

“ደብዘዝ ብሎ ያበራል።”

“እንግዲያው ደብዘዝ እንዳይል ጥረጊ።”

ጠረግሁ። ዛሬ ከእኔ በኋላ ለሚቀጠሩት መጀመሪያ የማቀብለው ያንኑ መጥረጊያ ነው፤ ስለዚህ አትቀየሙኝ።

ሱቃችን ሚዛን ተፈሪ፣ ገበያው አፋፍ ላይ ናት። ኩራዝ፣ ፋኖስ፣ ማሾ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አምፖልና ሽቦ እንሸጣለን። ጀኔሬተር ላለው ሰው ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄደን መብራት እንዘረጋለን። ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ከቆርቆሮ ኩራዝ እየሠሩ በመሸጥ የተነሡ ሰው ናቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልም። እናቴ ስፌት ተማሪ ብላኝ ነበር፤ የጎረቤታችንን የስፌት መኪና ፈትቼ ስገጥም አንድ ብሎን ስለተረፈኝ ነገሩ በዚያው ቀረ።

በሱቁ ማዕረግ አለ። ታች ያለው ጠራጊ ነው። ቀጥሎ ሽቦ ያዥ፣ መሰላልም የሚደግፍ እሱ ነው። ከላይ ገጣሚ፤ ጣራ የሚወጣ፣ ሽቦ የሚያያይዝ፣ ደንበኛው “ባለሙያው” ብሎ የሚጠራው። ገጣሚ ጋሽ ሸምሱ ብቻ ነበሩ። እኔ ሽቦ ያዥ ለመሆን ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ከዚያ በላይ ግን በሩ ተዘጋ።

“ሴት ልጅ ጣራ ላይ ሰቅዬ ሰው ምን ይለኛል?” ይላሉ።

“ሸምሱ ጉልበቱ ደከመ ይላል።”

“አስካለ! ምላስሽ አንድ ቀን ሱቄን ይዘጋዋል።”

ምላሴን የፈሩት በከንቱ አልነበረም። አንድ ቀን የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር መጥቶ አረንጓዴ መስታወት ያለው የጠረጴዛ መብራት መረጠ። በጣም ያምራል፤ ብርሃኑ ግን የራሱን እግር እንኳ አያሳይም።

“ለምንድን ነው የፈለጉት?” አልኩት።

“ደብተር ለማረም።”

“ይህን ከገዙ ተማሪው ሁሉ ያልፋል። ስሕተቱ አይታይዎትም።”

ጋሽ ሸምሱ ከባንኮኒው ሥር እግሬን ረገጡኝ። መምህሩ ግን ስቆ ነጩን ገዛ። ከዚያ ወዲህ የመምህራን ማኅበሩ በሙሉ እየመጣ “ያቺ ተሳዳቢ ልጅ ትምረጥልን” ማለት ጀመረ። ጋሽ ሸምሱ እግሬን መርገጥ ተዉ።

አንድ የመንገድ ጥናት ካምፕ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዕቃው በሐራጅ ተሸጠ። ጋሽ ሸምሱ መሰላልና በርሜል ሊገዙ ሄደው ሦስት የፀሐይ ሰሌዳ ይዘው ተመለሱ። በመስታወት የተሸፈነ ጥቁር ሰማያዊ ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኝ ባትሪ ይሞላል። ከእሱ ጋር ትልልቅ ባትሪዎችና በአሥራ ሁለት ቮልት የሚሠሩ አጫጭር ፍሎረሰንቶች ነበሩ። ከተማው ሳቀብን። “ሸምሱ መስኮት ገዝቶ መጣ” ተባለ። ሰሌዳዎቹ ሱቁ ጥግ ተደግፈው ከረሙ። እኔ በየጠዋቱ አቧራቸውን አራግፋለሁ።

እትዬ ዘነበች የመጡት በዚህ መሐል ነው። ቴፒ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው፤ ሰፊ ግቢ፣ ከዋንዛ ሥር ጠረጴዛዎች፣ ከጓሮው ቡና። ልጃቸውን ድረዋል፤ መልሱ በግቢያቸው ሊሆን ነው። አማቾቻቸው የጅማ ሰዎች ናቸው። ጀኔሬተራቸው ደህና ነው፤ ቀበሌ በራሽን የሚያድላቸው ነዳጅ ግን ለዚያ ምሽት አይደርስም።

“ማሾ አንጠልጥዬ አማቾቼን ልቀበል? እንደ ጠላ ቤት?” አሉ። “ግቢዬ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሆኖ እንዲብለጨለጭ ነው የምፈልገው። ዛፉ ላይ ሁሉ አምፖል ጠምጥሙበት።”

ጋሽ ሸምሱ ፊታቸው በራ። ወደ ሰሌዳዎቹ ጠቆሙና “ፀሐይዋ ነጻ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ይብለጨለጫል” አሏቸው።

“አይብለጨለጭም” አልኩ። “በዚህ ዛፉ ላይ ሁሉ ከተጠመጠመ ሙሽሮቹ ሳይቀመጡ ይጠፋል። ጥቂት መብራት ይምረጡ፤ ቦታ ቦታውን።”

እትዬ ዘነበች ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “አንቺ ደግሞ ማነሽ?”

“ሽቦ ያዥ ነኝ።”

“ሽቦሽን ያዢ እንግዲያው!”

ስቀው ግን ሁለቱን ሰሌዳ ለመሞከር ተስማሙ። ካልሠራ ዕቃው ይመለሳል። ሲወጡ ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺ ምረጪ፣ አንቺ አቀማምጪ። ከሠራ ጣራ ትወጫለሽ። አማቾቹ ፊት ከጨለመ ግን ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ ነሽ፤ ክብሪትና ክር እየሸጥሽ።”

ታደሰ በሚባል የቡና ጭነት ሹፌር መኪና ሄድን። ሸኮን አልፈን ጭቃው እስኪለቀን ድረስ ሰሌዳዎቹን እንደ ሕፃን ታቅፌ ነበር። ታደሰ መንገዱን ሙሉ “መስኮቷን ክፈቻት፣ ነፋስ ይግባ” እያለ ቀለደብኝ።

ቴፒ እንደደረስን ጋሽ ሸምሱ ሰሌዳዎቹን ከምግብ ቤቱ ጣራ ላይ፣ ከመንገድ በኩል፣ ሰው ሁሉ እንዲያያቸው አድርገው ገጠሙ። እኔ መሰላል ያዝኩ። ለሙከራ ሁለት መብራት ብቻ ዘረጋን። በማግስቱ ማታ ለራት ሰዓት አበራን፤ ተመጋቢው አጨበጨበ። ወጡ ሳይነሣ ብርሃኑ ቢጫ ሆነ፣ ቀላ፣ ጠፋ።

“ይቺም በራሽን ሆነች እንዴ?” አለ ታደሰ በጨለማው ውስጥ።

ማንም አልሳቀም። የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገቡ ይበላ ነበር። ሁሉም ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና “ፀሐይን እንኳ የሚያድለው ቀበሌ አይደለም፣ ጓድ ሹፌር” አለ። ያኔ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። ክብሪትና ክር ነበር የሚታየኝ።

ሲነጋ ጋሽ ሸምሱ ቁርስ ላይ ሳሉ ፈቃድ ሳልጠይቅ ቴስተሬን ይዤ ጣራ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ግን የዋንዛው ጥላ ተኝቷል። ጠበቅሁ። ጥላው ሲሸሽ ከወዲያ በኩል የሌላው ዛፍ ጥላ መጣ።

“ውረጂ!” አሉኝ ጋሽ ሸምሱ ከታች።

“ጋሼ፣ ዛፉ ነው የበላን።”

“ዋንዛው ይቆረጣላ!”

እትዬ ዘነበች ማማሰያ እንደያዙ ከማጀት ወጡ። “ማን ነው ዋንዛዬን የሚቆርጠው? ከሱ ሥር ያለው ቡናዬ በምን ጥላ ሊያፈራ ነው? እናንተን ነው የምቆርጣችሁ!”

ጣራው ላይ እንደቆምኩ ሰፈሩን አየሁት። ቆርቆሮው ሁሉ ከቅጠል ሥር ነው። የዚህ አገር ሰው ቤት ሲሠራ የሚፈልገው ጥላ ነው፤ ቡናው ጥላ ይወዳል፣ እኛም ከቡናው ጋር ከሥሩ እንገባለን። ጣራ ላይ ፀሐይ ይገኛል ብሎ ማሰብ የደጋ ሰው ሐሳብ ነው። እኛ ፀሐይ የምንፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቡና ለማስጣት። እኔም በተማሪነቴ ክረምት ሲወጣ የሰው ቡና እያገላበጥሁ የደብተር መግዣ አግኝቻለሁ። ማስጫ አልጋ ዝም ብሎ አይተከልም። ጠዋት ቀድሞ የሚሞቅ፣ ማታ ዘግይቶ የሚቀዘቅዝ ቦታ ተፈልጎለት ነው።

ዞር ብዬ ወደ ጓሮ አየሁ። የእትዬ ዘነበች ማስጫ አልጋ ከግቢው ጫፍ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ በፀሐይ ተጥለቅልቋል።

“ሰሌዳውን እዚያ ነው የማደርገው” አልኩ።

“ከቡናዬ ጋር ልታሰጪው ነው?” አሉ እትዬ ዘነበች።

“አዎ፣ ላሰጣው ነው።”

“ይህን ያህል ተሸክማችሁ አምጥታችሁ ጓሮ? እንግዳው የት ያየዋል?”

“እንግዳው ሰሌዳ ነው የሚያየው ወይስ ሙሽራዋን?”

ጋሽ ሸምሱ አንገታቸውን አቀርቅረው አሰቡ። ከዚያ ያላሰብኩትን ተናገሩ፤ “ራስሽ ፍቺው።” ያን ጊዜ መሰላሉን የያዙት እሳቸው ናቸው።

ከአልጋው ራስጌ ቋሚ ተከልኩ፤ ሰሌዳዎቹን ዝናብ እንዲወርድላቸው አጋደልኩ። አሥራ ሁለት ቮልት በቀጭን ሽቦ ሩቅ አይሄድም፣ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ወፍራሙን ጥቅል ሽቦ በሙሉ ከጓሮ እስከ ቤት ዘረጋሁት። ጋሽ ሸምሱ ሽቦው ሲያልቅ እያዩ በረጅሙ ተነፈሱ።

ከዚያ ምርጫው። መጀመሪያ ግቢውን ዞርኩ። ሰው የት ይገባል? የት ይቀመጣል? ወጥ የት ይጨለፋል? በጨለማ የት ይደናቀፋል? አንዱን ፍሎረሰንት ማጀት፣ አንዱን ለመልሱ በተጣለው ዳስ ውስጥ ምግቡ ከሚነሣበት ጠረጴዛ በላይ ሰቀልኩ። ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ላይ ትንሽ አምፖል ዝቅ አድርጌ አደረግሁ። ጋሽ ሸምሱ ከዘይት ቆርቆሮ ክዳን ሠሩለት፤ ብርሃኑ ዓይን ሳይወጋ መሬት ላይ ብቻ እንዲወድቅ። እጃቸው የኩራዝ ሥራን አልረሳም።

“ቀዩና ቢጫውስ?” አሉ እትዬ ዘነበች።

ታደሰ ጋ ሄድኩ። “የተበላሹ መኪኖች የፍሬቻና የኋላ መብራት ሽፋን አለህ?”

“መስኮቷ መኪና ልትሆን ነው?”

“አምጣ ዝም ብለህ!”

ከጋራዡ ቀይና ብርቱካን ሽፋኖች ለቅሞ መጣ፤ አምፖልም ጨመረልኝ። የፍሬቻውን አምፖል መለስኩለት፤ ባትሪ ይጨርሳል። ትንንሾቹን የፓርኪንግ አምፖሎች ብቻ ወስጄ፣ ሽፋኖቹ ውስጥ ከትቼ የሙሽሮቹ መቀመጫ ዙሪያ፣ ከኮባ ቅጠል ጀርባ ደበቅኋቸው። ለያንዳንዱ መብራት ለብቻው ማብሪያ አደረግሁ። ጋሽ ሸምሱ “አንድ ይበቃል፣ ምን ያደርጋል ይህ ሁሉ?” አሉ። እኔ ግን ማንም የማይፈልገው መብራት ሲቃጠል ማየት አልወድም።

የመልሱ ዋዜማ ዘነበ። በበዓሉ ቀን ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ደስ ብሎኝ ዳስ ሳስተካክል ቆይቼ ቀትር ካለፈ በኋላ ወደ ጓሮ ወረድኩ። ቡናው ተገልጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሰሌዳዎቹ በወፍራም ሸራ ተሸፍነው፣ ጠርዛቸው በድንጋይ ተይዟል።

ጮህኩ። እትዬ ዘነበች እየሮጡ መጡ።

“ማን ሸፈነው?”

“እኔ ነኝ! ትናንት ዝናቡ ሲመጣ ቡናውን ስሸፍን፣ እሱስ ይበስብስ እንዴ ብዬ አዝኜለት።”

“መስታወት እኮ ነው፣ እትዬ! አይበሰብስም!”

“ሴቶቹን ቡናውን ግለጡ ብያቸው ነበር። እሱን አደራ አትንኩት አልኳቸው…” አሉና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “ወይኔ! በአማቾቼ ፊት!”

ሸራውን ገፍፌ ባትሪውን ለካሁ። ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ጋሽ ሸምሱ ላብ አጠመቃቸው። “ቀያዮቹን አውርጂ። ዳሱን ብቻ እናብራ።”

“አላወርድም። ማብሪያዎቹ ጋ እኔ እቆማለሁ።”

ሲመሽ ማጀቱን ብቻ አበራሁ፤ ሴቶቹ እየጨለፉ ነው። እንግዶቹ ሲገቡ መንገዱን አበራሁ፤ ሲቀመጡ አጠፋሁና ዳሱን አበራሁ። ምግቡ ከማጀት እንዳለቀ ማጀቱን አጠፋሁ። ብርሃኑ ሰው በሄደበት ይሄዳል። አማቾቹ እርስ በርስ ሲያንሾካሽኩ እሰማለሁ፤ ነውር ያዩ መሰለኝ። በር ላይ “ሙሽሮቹ ደረሱ!” ሲባል ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም አጠፋሁ።

ግቢው ጨለመ። እትዬ ዘነበች ስሜን በቁጣ ሲጠሩ ሰማሁ።

መንገዱን አበራሁ። ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ በዚያች መሬት ላይ ባለች ብርሃን ገቡ። ወደ መቀመጫው አንድ እርምጃ ሲቀራቸው የቀያዮቹን ማብሪያ ተጫንኩት። ኮባው ከውስጡ ቀላ፤ ብርቱካኑ የሙሽራይቱ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ። እልልታው ቴፒን ቀሰቀሰው። ሌሊቱን ሙሉ ቢብለጨለጭ ኖሮ ማንም ቀና ብሎ አያየውም ነበር።

የመጨረሻው እንግዳ በመብራት ወጣ። የሙሽራው አባት፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ፣ ጋሽ ሸምሱን “ይህን ያደረገው ባለሙያ የታለ? እኔም ጅማ ግቢ አለኝ” አሏቸው።

ጋሽ ሸምሱ ወደ እኔ ጠቆሙ። “ገጣሚዬ ናት። ተናጋሪ ናት፤ ቻሏት።”

እትዬ ዘነበች ሁለቱንም ሰሌዳ አስቀሩ። ሦስተኛውን የሸኮ ነጋዴ ወሰደው። ከማጂ የመጣ ሌላ ገዢ የደረሰው ሱቁ ባዶ ሲሆን ነው፤ “መስኮት አልቋል?” ብሎ ተቆጣን። ዛሬ የፒንሳው መያዣ ላይ ስሜ በምስማር ተጽፏል፤ የጻፉት ጋሽ ሸምሱ ናቸው።

ለእናንተ ለአዲሶቹ የምለው ይህ ነው። ለቤትም ለግቢም መብራት ስትመርጡ ከአምፖሉ አትጀምሩ። ፀሐይ የት እንደምትቆይ፣ ሰው በምሽት የት እንደሚረግጥ ዞራችሁ እዩ። አምፖሉ ከዚያ በኋላ ይመረጣል። ሰሌዳውን ደግሞ በዝናብ እንዳይሸፍኑት ለባለቤቶቹ ንገሯቸው።