መሬት የከፈለው ስም

የእህቴን ባል በስሙ አልጠራውም። ምን በወጣኝ! እሱ ራሱ በየሄደበት ጽፎ ጨርሶታል፤ በኩባያው፣ በወንበሩ ጀርባ፣ በጃንጥላው እጀታ ላይ ሳይቀር። እህቴ "ሰው ሁሉ ሌባ ይመስለዋል" ትላለች። ጃንጥላውን ማን እንደሚመኝበት እንጃ።

መሥሪያ ቤታችን የጨረር መለኪያ ይሠራል። ከመለኪያው የሚመጣው ምልክት እጅግ ደካማ ስለሆነ የሚያጎላ ቦርድ ያስፈልገዋል። ቦርዱን የሚነድፈው እሱ ነው፤ የሚበይዱት እትዬ መርፌ ናቸው፤ የምፈትሸው እኔ ነኝ። መርፌ ያልናቸው እጃቸው ስለሚረቅ ነው። ቢሮው ሁሉ እሱን "እርሳቸው"፣ ሃያ ሁለት ዓመት የበየዱትን እትዬን "እሷ" ይላል። እኔ ገልብጬዋለሁ።

አዲሱ ቦርድ በሦስት ቅጂ ከፋብሪካ ተሠርቶ መጣ፤ እትዬ መርፌም ዕቃዎቹን በየዱበት። መለኪያው ሳይገጠምለት ኮረንቲ ስሰጠው በመፈተሻዬ ስክሪን ላይ ያለው መስመር ቀጥ ማለት ሲገባው ተንቀጠቀጠ።

"ብየዳው ነው" አለ የእህቴ ባል፣ ቦርዱን እንኳ ሳይነካ። "ሴትዮዋ ዓይኗ ደክሟል። ትሰናበት።"

"ጋሼ፣ ሦስቱም ቦርዶች እኩል ነው የሚንቀጠቀጡት። የብየዳ ጥፋት እንዲህ ይመሳሰላል?"

"አንቺ ፈትሺ እንጂ አታስተምሪኝ!"

ወይ ድፍረት! የስንብት ደብዳቤው ተጻፈ፤ ማክሰኞ ኃላፊው ሊፈርሙበት ተቀጠረ። የእትዬ መርፌ ባል አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል፤ ቤቱን የያዘው የእትዬ ደመወዝ ነው። "ልጄ፣ እጄን አውቀዋለሁ" ብቻ አሉኝ።

ቦርዱን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ሙሉ የመዳብ ንጣፍ መሆን ነበረበት፤ ቦርዱ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ስለሆነ "መሬት" እንለዋለን። ሰውዬው በንድፉ መዳቡን አስፈልቅቆ ስሙን እስከ አያቱ ጽፎበታል! አልበቃ ብሎት ከሥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስምሮበታል። መስመሩ መሬቱን ለሁለት ከፍሎታል፤ መሬቱ የተከፈለ ቦርድ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በገዛ ቦርዳችን አባትና አያቱ ሳይቀሩ መሬት ተካፈሉብን።

ማክሰኞ ኃላፊው ፊት ቦርዱንና አንዲት የመዳብ ቁራጭ ለእትዬ መርፌ ሰጠኋቸው። "መስመሩን አሻግረው ይበይዱልኝ" አልኳቸው። በየዱት፤ ስክሪኑ ቀጥ አለ። አስነቀልኳቸው፤ ተንቀጠቀጠ። መልሰው በየዱት፤ ቀጥ።

የእህቴ ባል ላቡን ጠረገ። "ይሄማ... የፋብሪካው..."

"ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?" አሉ ኃላፊው።

እትዬ መርፌ የመበየጃ ካውያቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። "ጌታዬ፣ እኔ ሰው አላማም። ገልብጠው ያንብቡት።"

ደብዳቤው እዚያው ተቀደደ፤ እትዬ መርፌም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እሱ ግን መች ይማርና! በሚቀጥለው ቦርድ ላይ ስሙን አላስቀረም። አያቱን ብቻ ነው የቀነሰው።