ሃያ ሦስት ስም ያለበት ድንጋይ

አክስቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ስታጥብ ኖረች። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ራሷም ትስቅ ነበር። «ሰው ልጅ ያጥባል፣ ልብስ ያጥባል፤ እኔ ደግሞ ጄኔራል አጥባለሁ» ትል ነበር።

የማዘጋጃ ቤቱ የመታሰቢያዎች ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ከተማችን የክፍለ ግዛቱ ርዕሰ ከተማ ስለሆነች ሐውልትና የታሪክ ሰሌዳ አላነሳትም። የምክር ቤቱ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ አለ፤ የመጀመሪያው ማተሚያ ቤት የነበረበት ግድግዳ አለ፤ ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ ውኃው የት ድረስ እንደደረሰ የሚያሳይ የናስ ምልክት አለ፤ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጄኔራሎችና አንድ እግረኛ ጄኔራል አሉ። በጠቅላላው ስልሳ አራት። እያንዳንዱን በየትኛው ቀን፣ በምን እንደምታጥበው በቃሏ ታውቃለች። ናሱን በቆርቆሮ በሚመጣ ቅባት ታሸውና በአሮጌ ጨርቅ ትወለውለዋለች። እብነ በረድ ግን ለስላሳ ሳሙናና ውኃ ብቻ ነው የሚወደው፤ ኮምጣጣ ነገር ከነካው ይበላዋል። ፊደሎቹ ውስጥ የገባውን ቆሻሻ በጥርስ ብሩሽ ታወጣለች። የተጣበቀ ማስቲካ በበረዶ አድርቃ በማንኪያ እጀታ ታነሳለች። ቢሮ ውስጥ «እትዬ ብልጭልጭ» ይሏት ነበር። እሷ ግን ከሥራ ቱታዋ ሌላ የምትለብሰው ጥቁር ብቻ ነው።

ጥቁሩ ለጋሽዬ ነው። ጋሽዬ የምለው የአክስቴን ባል ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እናቴ የሞተችው የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ሁለቱ ልጅ ስላልነበራቸው ወስደው አሳደጉኝ። ጋሽዬ ከሥራ ሲመጣ በአፉ የአውቶቡስ ጥሩምባ እያሰማ ነው ወደ በሩ የሚጠጋው፤ እኔ ደግሞ ትኬት ቆራጭ ሆኜ «ሞልቷል! ሞልቷል!» እያልኩ እዘጋበታለሁ። እስኪለምነኝ ድረስ አልከፍትለትም።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ጊዜ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ከሆስፒታሉ ወደ ገበያው በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የጋሽዬ አውቶቡስ ፍሬን አልይዝ አለው። መንገዱ ግርጌ ካለው ግንብ ጋር ተላተመ። ሃያ አራት ሰው ሞተ። አንዱ እሱ ነበር።

ገና ሬሳው ሳይቀበር ወሬው ከተማውን ሞላው። ሰክሮ ነበር ተባለ። ጋዜጣው ፎቶውን አወጣና ከሥሩ «ጥፋተኛው ሹፌር» ብሎ ጻፈ። ጋሽዬ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ይልቅ በዋዜማው ፍሬኑ እየላላ መሆኑን በጋራዡ መዝገብ ላይ ጽፎ፣ የጋራዡ ኃላፊ «ነገ ከነገ ወዲያ እናየዋለን» ብሎ እንደመለሰው ለአክስቴ ነግሯት ነበር። አጣሪዎች ሲመጡ መዝገቡ ጠፋ ተባለ። ወንድሞቹ ቀብሩ ላይ ሰው እንዳይነሣባቸው ፈርተው ሬሳውን ሁለት ቀን ወደሚያስኬደው የትውልድ ቀዬው ወስደው ቀበሩት።

በዓመቱ ቁልቁለቱ ግርጌ ነጭ የእብነ በረድ ሰሌዳ ቆመ። «በዚህ ስፍራ ሕይወታቸውን ላጡ ሃያ ሦስት ወገኖቻችን መታሰቢያ» ይላል፤ ከዚያ ስማቸው በሦስት ረድፍ ይከተላል። ሃያ አራተኛው የለም።

አክስቴ ያኔ የማዘጋጃ ቤቱን ቢሮዎች ነበር የምታጸዳው። ሰሌዳው በተመረቀ በሳምንቱ የመታሰቢያዎች ክፍል ኃላፊ ዘንድ ገብታ እንዲያዛውራት ለመነችው። ኃላፊው ማን እንደሆነች ያውቃል።

«ምነው እህቴ፣ ቁስልሽን በየሳምንቱ ለመነካካት ነው?» አላት።

«መቃብሩ ሩቅ ነው» አለችው። «የሞተበት እንኳን ቅርብ ይሁንልኝ።»

ደግ ሰው ነበር። ፈረመላት፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ታጣፊ ወንበር በብብታቸው ይዘው ወደ ሰሌዳው ይመጡ ነበር። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሹራባቸው ደረት ላይ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት መርፌ ከነክሩ ተሰክቶ ስለሚቀር የሰፈራቸው ልጆች «እማማ መርፌ» ይሏቸዋል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አራተኛዋ ስም የልጃቸው ነች። የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አምስት ወር ቀርቷት ነበር፤ ያን ዕለት ሆስፒታል ተረኛ ሆና አድራ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር።

መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን «አንቺስ ልጄ፣ እዚህ ላይ ሰው አለሽ?» ብለው ጠየቋት።

አክስቴ ብሩሿን ባልዲው ውስጥ እያለቀለቀች «ሁሉም የእኔው ናቸው፣ እማማ» አለች። ሴትዮዋ የደግነት ወግ መሰላቸው። መረቋት።

ከዚያ በኋላ እንደ እናትና ልጅ ሆኑ። እማማ መርፌ የልጃቸውን ነገር አውርተው አይጠግቡም። «ቁልፍ እንኳን መስፋት አትችልም እኮ! ስቆጣት ‹እማ፣ እኔ መርፌ መውጋት እንጂ መስፋት አልተማርኩም› ትለኛለች» ይሉና ይስቃሉ፤ መሀል ላይ ሳቁ ወደ ለቅሶ ይዞርባቸዋል። አክስቴም አብራ ታለቅሳለች። እኔንም ወደዱኝ። የትምህርት ቤት ልብሴን ስድስት ዓመት የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ በቁመት ስለምመዘዝ የቀሚሱን ጫፍ ሰፋ አድርገው ያጥፉልኝ ነበር።

አክስቴ ግን አንድም ቀን ቤት ጠርታቸው አታውቅም። ሰበብ አታጣም፤ ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ እንግዳ መጥቶብኛል። እውነተኛው ምክንያት ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሠርጋቸው ፎቶ ነበር። «ታዲያ አውርጂዋ» አልኳት አንዴ።

«ከድንጋዩ ላይ ቀርቷል። ከግድግዳዬም ላውርደው?» አለችኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አክስቴን ሳምባዋን አመማትና ሁለት ማክሰኞ ሥራ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እማማ መርፌ ናቸው፤ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዘዋል። አድራሻችንን ቢሮ ጠይቀው ነው የመጡት። እንዴት ብዬ ልመልሳቸው? ይግቡ አልኳቸው። አክስቴ ጓዳ ተኝታለች። እማማ መርፌ ሳሎን አረፍ ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። ተነሥተው ተጠጉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አደረጉ።

«ይሄ ማነው?»

መዋሸት እችል ነበር። የሩቅ ዘመድ ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ግን እሳቸው ያንን የጋዜጣ ፎቶ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጣጥፈው ያስቀመጡ ሰው ኖረዋል፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።

«የአክስቴ ባል» አልኩ።

ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አክስቴ ከጓዳ በደከመ ድምፅ «ማነው?» አለች። ወደ እኔ ዞር ብለው «እግዜር ይማርሽ ብለዋል በያት» አሉኝና በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። በኃይል ቢያላትሙት ይሻለኝ ነበር።

አክስቴ ተሽሏት ሥራ ስትገባ ማክሰኞ ማንም አልመጣም። የሚቀጥለውም ማክሰኞ እንዲሁ። አርብ አርብ ግን በዚያ ስታልፍ ሰሌዳው ሥር ገና ያልጠወለገ አበባ ታገኛለች፤ ሐሙስ መምጣት እንደጀመሩ ገባት። አንድ ሐሙስ የምክር ቤቱን ድንጋይ ማጠቡን ትታ ሄደች። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የተባባሉትን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ።

«ስምንት ዓመት!» አሏት። «ስምንት ዓመት አጠገቤ ሆነሽ አለቀስሽልኝ። የልጄን ስም በእነዚያ እጆችሽ ስትዳብሺ እያየሁ መረቅሁሽ። የመረቅሁሽን ምን ላድርገው አሁን?»

«እማማ፣ አልሰከረም ነበር። ፍሬኑ...»

«ስለ ፍሬን አልጠየቅሁሽም!»

አክስቴ ባልዲዋን እንደያዘች ቆመች። «እንዳልነካት ከፈለጉ አልነካትም» አለች።

«አትንኪያት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ሃያ ሁለቱን ስም ታጥብና አንዷን ትዘላለች። አንዷን እናቷ ሐሙስ ሐሙስ መጥተው በገዛ ጨርቃቸው ያጥቧታል። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደ። በአራተኛው ዓመት እማማ መርፌን ጉልበታቸው ከዳቸው። በሁለት ሳምንት አንዴ መምጣት ጀመሩ፤ ከዚያ ጭራሹን ቀሩ። የገበያው አቧራና የመኪናው ጭስ ስሟ ላይ ተጋገረ። ነጭ ድንጋይ ላይ አንዲት ጥቁር መስመር ሆነች፤ ለሚያያት ሰው ሆን ተብሎ የተደለዘች ትመስላለች።

አንድ መንገደኛ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አቤት አለ። ደጉ ኃላፊ ጡረታ ወጥቶ ነበር፤ በቦታው የመጣው ወጣት አክስቴን አስጠራት።

«ይህቺን ስም ለይተሽ የማታጥቢያት ለምንድን ነው?»

«ባለቤት አላት» አለች።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጣት። ፈርማ ተቀበለች፤ በማግስቱም ዘለለቻት።

ይህን ስሰማ አላስችል አለኝ። ሃያ ዓመቴ ነበር። ለአክስቴ ሳልነግራት እማማ መርፌ ቤት ሄድኩ። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል። እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ በጣም ከስተዋል። ስለ ማስጠንቀቂያው፣ ስለ ስሟ ነገርኳቸው።

«ጠቁራለች?» አሉኝ።

«ጠቁራለች፣ እማማ።»

«አክስትሽ ትምጣ» አሉ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ አብረን ሄድን። ትራስ ተደግፈው ጠበቁን። አክስቴ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

«ተቀመጪ» አሏት። «ያን ዕለት ጠዋት ከቤት ሲወጣ ምን አለ? እሱን ንገሪኝ።»

አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ ልቅር አለኝ» አለች። ይህን እኔም ሰምቼው አላውቅም። «ፍሬኑን ሳያዩልኝ አልነዳም፣ አመመኝ ብዬ ልቅር አለኝ። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። በዚህ ወር ሁለቴ ቀርተሃል፣ ያባርሩሃል፣ ልጅቷን ምን ልናበላት ነው አልኩት። ጫማውን አቀበልኩት። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ እኔ ነኝ። የምቆምበት ጠፋኝ። ውጭ ሁለት ጎረቤታሞች ስለ ውኃ ቧንቧ ይጨቃጨቃሉ። እማማ መርፌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ይሄንን ባትነግሪኝ ይሻል ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ለማንም ተናግረሽው አታውቂም?»

«ለማን ልናገረው፣ እማማ?»

ውኃ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ጥቂት ተጎነጩና ብርጭቆውን ለአክስቴ አቀበሏት።

«እጠቢያት» አሉ። እጠቢው አላሉም። «ልጄን እጠቢያት። ጠቁራ አትቅርብኝ።»

አክስቴ ጉልበታቸው ላይ ተደፋች። ይቅር ብዬሻለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እጃቸውን ብቻ ራሷ ላይ አደረጉ፤ ብዙም ሳይቆዩ አነሡት።

በነጋው ጠዋት አብሬያት ቁልቁለቱን ወረድኩ። ሦስት ባልዲ ውኃ ፈጀ። መጀመሪያ የወረደው ጥቁር ነበር፤ ቀስ በቀስ ጠራ። ስታሽ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደምትል አልጠየቅኋትም።

እማማ መርፌ ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፉ። አክስቴ ቀብሩ ላይ ከሁሉ ኋላ ቆመች። ዘመዶቻቸው ማን እንደሆነች ስላላወቁ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የላካት መስሏቸው አመሰገኗት።

አክስቴ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ያኔ እኔ የራሴ ሥራና ቤት ነበረኝ፤ እሷንም ወደ እኔ አመጣኋት። የጋሽዬ ስም ሰሌዳው ላይ እንዲጨመር ማመልከቻ የጻፍኩት በዚያው ዓመት ነው። የጋራዡን የድሮ መካኒክ አፈላልጌ አገኘሁት። ሽማግሌ ሆኗል። መዝገቡን በዓይኑ እንዳየ፣ ሹፌሩም ሰክሮ እንደማያውቅ ፈረመልኝ። መልሱ በአሥራ አራት ወሩ መጣ፤ አንድ ገጽ። ለአክስቴ አነበብኩላት። «መታሰቢያው የቆመው ለአደጋው ሰለባዎች በመሆኑ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም» ይላል።

«እሱ ሰለባ አይደለም ማለት ነው?» አለችኝ።

«እነሱ እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ተነሥታ መኝታ ቤቷ ገባች። ራት አልበላችም። በማግስቱ ቁርስ ላይ «ያንን መካኒክ አመስግኚልኝ» አለችኝ። «በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ተገኘ።»

በተከታዩ ዓመት ሳምባዋ ተመልሶ ተነሣባትና ሞተች። መካኒኩም አሁን በሕይወት የለም፤ ፊርማው ግን እኔ ዘንድ ነው። ሁለተኛውን ማመልከቻ ባለፈው ወር አስገብቻለሁ። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጡኝም።