የመጀመሪያው ዲናሞ

እትዬ ዐዚዛ ጎንደር አዲስ ዓለም ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ ዛሬም እዚያው የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ለሸማኔዎች ድርና ማግ የሚሸጡበት ጠባብ ሱቅ አላቸው። አባታቸውም የአባታቸው አባትም ክር ነጋዴ ነበሩ፤ ገበያተኛው ሚዛናቸውን ዓይቶ አያውቅም፣ ያምናቸዋል። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። አስናቀው እባላለሁ፣ አስተማሪ ነኝ። የምነግራችሁን ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ግማሹን ራሳቸው ነግረውኛል። ከጥፋቱም ድርሻ አለኝ።

ቅያሳችን ዳገት ላይ የተሰለፉ አሥራ አንድ ቤቶች ናቸው። የእትዬ ዐዚዛ ቤት ከታች የመጀመሪያው ነው፣ የእኔ መሀል ላይ፣ የእትዬ አየለች ደግሞ ከላይ የመጨረሻው። ቧንቧውን የዘረጋነው ራሳችን ነን። ዋናው መስመር አስፋልቱ ዳር ቆሞ ስለነበር የእትዬ ዐዚዛ ባል ጋሽ ኸሊል ሰዉን አስተባበሩና ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው እየወጣ ቦይ ተቆፈረ። ዓርብ የእነሱ፣ እሑድ የእኛ የጸሎት ቀን ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምንቆፍረው። አምስት ቅዳሜ ፈጀብን። ባላቸው የሞተባቸው እትዬ አየለች የሚልኩት ሰው ስላልነበራቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው ወጡ።

«አንቺ ተይው፣ የአንቺን ድርሻ እኔ እቆፍራለሁ» አሏቸው ጋሽ ኸሊል።

«ውሃውንስ አንተው ትጠጣልኛለህ፣ አያ ኸሊል?» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁት።

ቦዩ ተደፍኖ ሲያልቅ እዚያው ቆመን ተስማማን። ውሃ በመጣ ቀን እያንዳንዱ ቤት ሁለት በርሜል ሞልቶ ይዘጋል፤ የታችኛው ሲዘጋ ወደ ላይኛው ይወጣል። ውሃ የሚስብ ዲናሞ ማንም አይገጥምም። የተጻፈ ነገር የለም፣ የፈረመም የለም። ጠባቂዋ እትዬ ዐዚዛ ነበሩ። ከታች ስለሆኑ ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ዘንድ ነው፤ በርሜላቸው እንደሞላ ዘግተው በቅያሱ ሽቅብ ይወጣሉ። የተከፈተ ቧንቧ ድምፅ ከሰሙ በር ያንኳኳሉ። «ገና ከላይ ሳይደርስ ማን ነው ልብስ የሚዘፈዝፍ?» ይላሉ። ማንም አይቆጣቸውም። ስምንት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን።

እትዬ አየለች የሰው ጋቢና ነጠላ አጥበው ነበር የሚተዳደሩ። የዛሪማ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ተድረው ጎንደር መጡ፣ ሴት ልጃቸው ሃና ደግሞ ተመልሳ ዛሪማ አገባች። እጃቸው የነካው ነጠላ እንደ አዲስ ሆኖ ነው የሚመለስ፤ የጥምቀት ሰሞን ግቢያቸው ነጭ በነጭ ይሆናል። ከእትዬ ዐዚዛ ጋር በርበሬያቸውን አንድ ሰሌን ላይ ያሰጡ ነበር። አንዷ ስትታመም ሌላዋ ታድራለች።

በ2011 ክረምት ጋሽ ኸሊል ሱቁ በር ላይ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። እትዬ ዐዚዛ ሱቁን ለዘመድ ትተው ባላቸውን ለማስታመም ቤት ዋሉ። አንሶላ በቀን ሦስት ጊዜ ይቀየራል፣ ሕመምተኛው ይታጠባል። በዚያው ዓመት በየሳምንቱ የነበረው ውሃ በአሥራ አምስት ቀን፣ አንዳንዴም በሃያ ቀን መምጣት ጀመረ። ሲመጣም ቀጭን ነው። ሁለቱ በርሜል አራት ቀን እንኳ አልቆይ አላቸው።

መተማ የሚነግደው ልጃቸው አኒስ አባቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ዲናሞ በካርቶን ይዞ መጣ።

«መልሰው» አሉት።

«እማ፣ አባቴን በሽንቱ ተኝቶ እኮ ነው ያገኘሁት!»

ካርቶኑን ከእጁ ተቀበሉት። አኒስ በዚያው ቀን ከአንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ጋር ገጥሞት ወደ ሥራው ተመለሰ። እትዬ ዐዚዛ ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ ላይኛው ቤት ወጡ። እትዬ አየለች ክንዳቸው ድረስ አረፋ ሆነው ገንዳ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«ለኸሊል ነው። እስኪሻለው ብቻ ነው» አሏቸው።

«ምነው ታስረጂኛለሽ? ለአያ ኸሊል ከሆነማ እኔው ተሸክሜ ባመጣለት ደስታዬ ነበር» አሉ እትዬ አየለች። የቀረነውም የዲናሞውን ድምፅ ሰምተን ምንም አላልንም። ቤቱ ውስጥ ሕመምተኛ አለ።

ዲናሞ ላላየ ሰው ልንገር፦ ውሃ አይፈጥርም። ቧንቧው ውስጥ ያለውን ከጎረቤት ቀድሞ ይስባል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ሁለተኛውን የገጠመው አድማሴ ነው። ግቢው ውስጥ ለተማሪዎች የሚያከራያቸው ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ውሃ ሲጠፋ ተከራዮቹ ሊለቁበት ሆነ። እትዬ ዐዚዛ እንደ ልማዳቸው በሩን አንኳኩ።

«አድማሴ፣ ቃላችን እንዲህ ነበር?»

«እርስዎ ይንቀሉና እኔም እነቅላለሁ» አላቸው፤ በስድብ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። እትዬ ዐዚዛ ዞረው ወደ ሕመምተኛቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም በር አላንኳኩም።

ሦስተኛውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሚስቴ አራስ ነበረች። ከእኔ በኋላ የገጠሙትም ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያት ያልነበረው ሰው አላውቅም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከአሥራ አንዱ ቤት ስምንቱ ዲናሞ ገጠመ። የሚገርመው፣ ስምንቱም ባንድ ላይ ሲስቡ ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ከድሮው ብዙም የሚበልጥ አልነበረም፤ የመብራት ሒሳቡ ብቻ ነው የጨመረብን። ከእኛ ሁሉ የተሻለ የሚሞላላቸው ከታች ያሉት እትዬ ዐዚዛ ነበሩ። ከላይ ያሉት ሦስት ቤቶች ግን ቧንቧቸው ጭራሹን ደረቀ። ሁለቱ አቅም ስላላቸው በቦቴ ያስመጣሉ። እትዬ አየለች አቅም አልነበራቸውም።

እትዬ ዐዚዛ ይህን ያውቃሉ። ውሃ በመጣ ቁጥር ሁለት ጀሪካን ለእትዬ አየለች ብለው ያስቀምጣሉ። እትዬ አየለች ወርደው አንዱን በጀርባቸው አዝለው ይወጣሉ፣ ተመልሰው ሌላውን ይወስዳሉ። አንድ ቀን እትዬ ዐዚዛ ሦስተኛ ሊጨምሩላቸው ሲሉ እትዬ አየለች እጃቸውን ያዟቸው።

«ይበቃኛል። እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ከዚያ የጀሪካናቸውን ገመድ እያጠበቁ፣ «ድሮ ከራሴ ቧንቧ ነበር የምቀዳ፣ ማንንም አላመሰግንም ነበር» አሏቸው።

እትዬ ዐዚዛ ይህን ሲነግሩኝ፣ «ያኔ የተናደደችብኝ መሰለኝ። ንዴት አልነበረም፣ እውነቷን ነው የነገረችኝ» አሉኝ።

ጋሽ ኸሊል በ2013 የካቲት ላይ አረፉ። እትዬ አየለች ከለቀስተኛው ቀድመው ደርሰው ማድ ቤት ገቡ፣ ሐዘኑ እስኪያበቃ ከዚያ አልወጡም። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ሁለቱ ሴቶች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲፈለቅቁ እትዬ አየለች ቀና ሳይሉ ጠየቁ።

«ዐዚዛ፣ አሁንስ?»

«ምኑ?»

«ዲናሞው ነዋ። ለአያ ኸሊል ነበር።»

እትዬ ዐዚዛ መልሱን ያሰቡበት ይመስል ወዲያው መለሱ። «እኔ ብነቅል ውሃው አንቺ ጋ ይደርሳል? አድማሴ ጋ ነው የሚገባ። እኔም አጣለሁ፣ አንቺም አታገኚ።»

ልክ ነበሩ። ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። እትዬ አየለች «እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ጥጣቸውን መፈልቀቅ ቀጠሉ። ሁለተኛ አላነሱትም።

ለምን ያኔ እንዳልነቀሉት ጠይቄያቸዋለሁ። «ሮቶው ሞልቶ ሳየው ልቤ ያርፍ ነበር» አሉኝ። «ኸሊል ከሄደ ወዲያ ቤቱ ውስጥ የሞላ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ለመታጠቢያ አልፈልገውም፣ ለምንም አልፈልገውም። ብቻ ይሙላ።»

እትዬ አየለች አጣቢነቱን ቀስ በቀስ ተዉት። በሁለት ጀሪካን ጋቢ አይታጠብም። ደንበኞቻቸው ወደ ሌላ ሄዱ፤ የጥምቀት ሰሞን ግቢያቸው ባዶ ሆነ። በ2014 ነሐሴ ላይ ጀሪካን አዝለው ሲወጡ ድንጋዩ አዳለጣቸውና የቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ተሰበረ። ሃና በሳምንቱ መጥታ ዕቃቸውን ጠቅልላ ወሰደቻቸው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ እትዬ ዐዚዛ ሱቅ ናቸው፣ ገበያ ነው። እኔ ዕቃቸውን የያዘውን ማዳበሪያ ተሸክሜ መኪና ድረስ ሸኘኋቸው። እትዬ አየለች በታችኛው ቤት በር ሲያልፉ ቆም አሉ።

«ልጥራቸው እንዴ?» አልኳቸው።

«ገበያዋን አታስፈታት» ብለው አለፉ።

እትዬ ዐዚዛ ከሰዓት ሲመለሱ ነገርኳቸው። በማግሥቱ እሑድ ሠራተኛ አስመጥተው ዲናሞውን አስነቀሉ። ቀጥሎ ውሃ በመጣ ቀን ቧንቧቸውን ከፈቱ፤ ትንሽ ነፋስ ነፋ፣ ጠብታ ወጣ፣ ቆመ። ከላያቸው ሰባት ዲናሞ ይጮሃል። ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ቤት ሆኖ ሳለ ውሃ ያጡት ያን ዕለት ነው።

በሳምንቱ ሁላችንንም ግቢያቸው ጠሩን። መጣን። ጎበዝ ተናጋሪ አይደሉም፤ ቆመው፣ «የጀመርኩት እኔ ነኝ። እኔ አስነቅያለሁ። እናንተም ንቀሉና እንደ ድሮው እንሁን» ብቻ አሉ።

«ሁሉም ከነቀለ እኔ ምን ገዶኝ» አለ አድማሴ። ሁሉም እንደዚያ አለ። ሁሉም ከነቀለ። በቀጣዩ የውሃ ቀን ሁላችንም ልንነቅል ተስማማን፣ ተመራርቀን ተለያየን።

ውሃው የመጣው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ዲናሞዬን ከሶኬቱ ነቅዬ በርሜሌ አጠገብ ቆምኩ። አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ቅያሱ ጸጥ አለ፤ ውሃው በራሱ ጉልበት ቀስ ብሎ ወደ እኔ ወጣ። ከዚያ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰማሁ። የአድማሴ መሰለኝ፤ አድማሴ ደግሞ የእኔን ነው መጀመሪያ የሰማሁት ይላል። እስከ ዛሬ አልተማመንንም። መልሼ ሰካሁት። በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ሰካ። እትዬ ዐዚዛ በራቸው ላይ ቆመው ሽቅብ ሲያዩ ከግቢዬ አየኋቸው። ከዚያ ገብተው በራቸውን ዘጉ።

መንገዱ ሰላም ሆነ የተባለ ሰሞን፣ በ2016 ሁዳዴ፣ የእነሱ ረመዳን ካለፈ በኋላ፣ እትዬ ዐዚዛ ዛሪማ ሄዱ። ደባርቅን አልፈው ሊማሊሞን ሲወርዱ መኪናው አሟቸው፣ ታመው ደረሱ። እትዬ አየለች በሃና ቤት በር ላይ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥራሉ። የተሰበረው እጃቸው ጠምሞ ነው የገጠመው። ሁለቱም አለቀሱ። ሃና ሽሮ አቀረበች፣ ምግቡ ተበላ። ከዚያ እትዬ ዐዚዛ የመጡበትን ተናገሩ።

«ነቅዬዋለሁ፣ አየለች።»

«ሰምቻለሁ። አስናቀው በስልክ ነግሮኛል።»

«ውሃው ግን አንቺ ቤት አልደረሰም።»

«አውቃለሁ። አይደርስም።»

«እንግዲያ ይቅር በይኝ። ያን ቀን በረንዳው ላይ ስትጠይቂኝ የመለስኩልሽ...»

እትዬ አየለች ሰፌዳቸውን አስቀመጡ። «ያልሽኝ ልክ ነበር» አሉ። «ብትነቅይውም ውሃው እኔ ጋ አይደርስም ነበር። ግን ያን ቀን እሺ ብትይኝ፣ ውሃው ባይመጣም አልሄድም ነበር። ውሃ ተሸክሞ መኖርማ እዚህም ወንዝ ወርጄ እቀዳ የለ?»

እትዬ አየለች ይቅርታውን ሰጧቸው፣ እንደ ሃይማኖታቸው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏቸው። ወደ ጎንደር እንዲመለሱ ግን ቢለምኗቸው አልፈለጉም። የላይኛውን ቤት ለአንድ ወፍጮ ሠራተኛ አከራይተውታል።

እትዬ ዐዚዛ ዛሬ ያለ ዲናሞ ይኖራሉ። ውሃቸውን በአህያ ጋሪ ያስመጣሉ፤ እኔም አንዳንዴ ጀሪካን እልክላቸዋለሁ፣ አመስግነው ይቀበሉኛል፤ ሲያመሰግኑኝ እፍረት ይሰማኛል። ዓርብ ዓርብ ከስግደት መልስ ዛሪማ ይደውላሉ። በረንዳቸው በኩል ሳልፍ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ሃና ልጆች፣ ዘንድሮ ክር ስለመወደዱ ያወራሉ። «ሙቀቱ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ወዲያ ማዶ የሚመለስላቸውን ሰምተው ይስቃሉ። ካርዱ ሲያልቅ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ይነሳሉ።